መጀመሪያ ጥያቄሽን ያዢ

ልጄ፣ የላክሽልኝን ማስታወቂያ አንብቤዋለሁ። በአርኤንኤ ባዮሎጂና በካንሰር ላይ የሚሠራ የዶክትሬት ተማሪ እንፈልጋለን የሚል ጥሪ ዛሬ ከሃይደልበርግም፣ ከቪየናም፣ ከለንደንም፣ ከቦስተንም ይወጣል፤ ዘርፉ ገንዘብም ተስፋም የጎረፈበት ዘመን ላይ ነው። «ጋሼ፣ ልሞክረው ወይ?» ላልሽኝ መልሴ አዎ ነው፤ ሞክሪ። ግን ሲቪሽን ከማስተካከልሽና የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልሽን መምህራን ደጅ ከመጥናትሽ በፊት አንድ ሥራ እንድትሠሪ እለምንሻለሁ፤ ጥያቄ ይኑርሽ።

ብዙ አመልካቾችን አይቻለሁ። ከእኛ አገር የሚመጡት ልጆች በውጤታቸው ከማንም አያንሱም፤ አብዛኞቹ ከክፍላቸው አንደኛ እየወጡ ያደጉ ናቸው። የሚቸገሩት ቃለ መጠይቁ ላይ «ምን ማወቅ ትፈልጊያለሽ?» ሲባሉ ነው። «ካንሰርን ማጥናት እፈልጋለሁ» ይሉና ያቆማሉ። ካንሰር የብዙ በሽታዎች የጋራ ስም ነው። አርኤንኤም ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ዓይነቱና ሥራው ብዙ ነው። ሁለቱን ስሞች በአንድ ዓረፍተ ነገር ማያያዝ ጥያቄ አያደርጋቸውም። ጠያቂዎቹ ሊያዩ የሚፈልጉት ሳታውቂው በመቅረትሽ እንቅልፍ የሚነሳሽ አንድ ነገር እንዳለ ነው፤ ሌላውን ሁሉ እነሱ ሊያስተምሩሽ ይችላሉ።

ጥያቄ እንዴት እንደሚወለድ እንድታዪ የዘርፉን ታሪክ ልንገርሽ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ፤ ጽሑፎቹን ስትፈልጊ እንዳትቸገሪ።

እኛ ተማሪ ሳለን አርኤንኤ መሐል ላይ የሚቆም ነገር ነበር፤ ዲኤንኤ የያዘውን ትእዛዝ ተቀብሎ ፕሮቲን ወደሚሠራበት ቦታ የሚያደርስ፣ ሥራውን ሲጨርስ የሚፈርስ። መልእክተኛው አርኤንኤ በ1961 ከታወቀ ወዲህ የመማሪያ መጻሕፍቱ እንዲህ ይሉ ነበር፤ ያሉት ልክ ነው፣ ግን ከእውነቱ ጥቂቱ ነው። በ1977 ፊሊፕ ሻርፕና ሪቻርድ ሮበርትስ፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ የጂን ትእዛዝ ሳይቋረጥ እንደማይጻፍ አገኙ፤ ሴል ረጅሙን ቅጂ ካወጣ በኋላ በመሐል ያሉትን ክፍሎች ቆርጦ ይጥልና ቀሪዎቹን ይገጣጥማል። ስፕላይሲንግ የሚባለው ይህ ነው። ቶማስ ቼክና ሲድኒ አልትማን አርኤንኤ ራሱ እንደ ኢንዛይም ሊሠራ እንደሚችል በማሳየታቸው በ1989 ኖቤል ተሸለሙ። በ1998 ደግሞ አንድሩ ፋየርና ክሬግ ሜሎ ጥንድ ሰንሰለት ያለው አርኤንኤ አንድን ጂን መርጦ ዝም ማሰኘት እንደሚችል አሳዩ። ይህን ሁሉ በፍጥነት ያለፍኩት ከመጻሕፍት ስለምታገኚው ነው። እንድትቆዪበት የምፈልገው የማይክሮ አርኤንኤ ታሪክ ነው።

ቪክቶር አምብሮስና ጋሪ ረቭከን በወጣትነታቸው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በሮበርት ሆርቪትዝ ላቦራቶሪ ውስጥ አብረው የሠሩ ተመራማሪዎች ናቸው። የሚያጠኑት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የምትረዝም ትል ነበር፤ ሲ ኤሌጋንስ ትባላለች። ሊን-4 የተባለው ጂኗ የተበላሸባት ትል ዕድገቷ ይዛባል፤ የመጀመሪያውን የዕጭነት ደረጃ እየደጋገመች ትቀራለች። እነሱን የያዛቸው ጥያቄ ይህ ነበር፤ የትሏ ሴሎች ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚያልፉበትን ጊዜ እንዴት ያውቃሉ? አምብሮስ ሃርቫርድ ላይ የራሱን ላቦራቶሪ ከከፈተ በኋላ ከሮዛሊንድ ሊና ከሮንዳ ፋይንባውም ጋር ሆኖ ጂኑን አድኖ ሲያገኘው ጂኑ ፕሮቲን አይሠራም። የሚሠራው 22 ፊደል ገደማ ብቻ ያላት አንዲት ቁራጭ አርኤንኤ ነው፤ ማይክሮ አርኤንኤ የሚባለው ይህ ነው። ረቭከን በበኩሉ ያቺ ቁራጭ ሊን-14 ከተባለው ሌላ ጂን መልእክተኛ አርኤንኤ ላይ እየተጣበቀች ፕሮቲኑ እንዳይሠራ እንደምትከለክል አሳየ። ሁለቱ ጽሑፎች በ1993 ሴል በተባለው መጽሔት በአንድ እትም ወጡ።

አብዛኛው ሰው የትል ጉዳይ ነው ብሎ አለፋቸው። በ2000 ግን የረቭከን ቡድን ሌት-7 የተባለች ሌላ ቁራጭ ከትል እስከ ሰው ሳትለወጥ እንደምትገኝ አሳየ፤ ከዚያ ወዲህ ፍለጋው በየአገሩ ተቀጣጠለ። ክሮኒክ ሊምፎሳይቲክ ሉኬሚያ በተባለው የደም ካንሰር ሕሙማን ላይ ደጋግሞ የሚጠፋ አንድ የ13ኛው ክሮሞሶም ክፍል ነበር፤ ተመራማሪዎች ለዓመታት ፕሮቲን የሚሠራ ጥፋተኛ ጂን ሲያስሱበት ኖረው አላገኙም። በ2002 መልሱ ተገኘ፤ እዚያ ክፍል ውስጥ የነበሩት ሚር-15ና ሚር-16 የተባሉ ማይክሮ አርኤንኤዎች ናቸው። ማይክሮ አርኤንኤ ከካንሰር ጋር የተገናኘው በዚህ መንገድ ነው። አምብሮስና ረቭከን ኖቤል የተሸለሙት በ2024 ነው።

ይህን ታሪክ ያስረዘምኩብሽ ምክንያት አለኝ። ሁለቱ ሰዎች የተነሡት ካንሰርን ፍለጋ አልነበረም፤ ጥያቄያቸውን ግን አጥብቀው ይዘውት ነበር። ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ «ካንሰር» የሚል ቃል የሌለበትን ላቦራቶሪ አትናቂ። ስለ እርሾ ወይም ስለ ትል አርኤንኤ በጥልቀት የሚሠራ ሰው ካንሰርን በስም ብቻ ከሚጠራ ሰው የበለጠ ሊያስተምርሽ ይችላል። ይህ የእኔ ጽኑ አስተያየት ነው።

ታሪኩ ግን በሽልማት አያበቃም። ሚር-34 የተባለው ማይክሮ አርኤንኤ በብዙ ካንሰሮች ውስጥ ይቀንሳል። የጎደለውን እንመልስ የሚል ሐሳብ መጣ፤ ሰው ሠራሽ ሚር-34 በስብ ቅንጣት ተጠቅልሎ ለሕሙማን ተሰጠ። በ2016 ሙከራው ተቋረጠ። የሕሙማኑ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በከባድ ሁኔታ ተቆጥቶ ነበር፤ የሞቱም አሉ። እነዚህ ሰዎች ሌላ ሕክምና ሞክረው ያልሠራላቸው፣ ፈቅደው የገቡ ሕሙማን ናቸው። በዚህ ዘርፍ የሚሠራ ሰው ሁሉ ለእነሱ ዕዳ አለበት፤ አንቺም ስትገቢ ይኖርብሻል። ሳይንሱም ከዚያ የተማረው ከባድ ነገር ነው። በሳህን ላይ ባደጉ ሴሎችና በአይጥ ላይ ያማረ ውጤት በሰው ላይ ሊከሽፍ ይችላል፤ አርኤንኤን ዕጢው ጋ ማድረስም ገና ያልተፈታ ችግር ነው። በስብ ቅንጣት የተጠቀለለ አርኤንኤ በደም ሥር ሲሰጥ በብዛት የሚያርፈው ጉበት ላይ ነው። ዕጢው ሳንባ ወይም ቆሽት ላይ ከሆነስ? እዚህ ላይ ዕድሜ ልክ የሚበቃ ሥራ አለ።

የመከላከያ ሥርዓቱ ቁጣ ነገር ካታሊን ካሪኮን ያስታውሰኛል። ሃንጋሪ ተወልዳ በ1985 ወደ አሜሪካ የሄደች ባዮኬሚስት ናት። ከድሩ ዋይስማን ጋር በ2005 ያሳተሙት ጽሑፍ ከአርኤንኤ ፊደሎች አንዱ፣ ዩሪዲን፣ በሱዶዩሪዲን ሲተካ ቁጣው እንደሚበርድ አሳየ፤ በ2023 ኖቤል ያሸለማቸው ይኸው ነው። ስለ እሷ የሚወራው ሁሉ መከራዋ ነው፤ የምርምር ገንዘብ መከልከሏ፣ በ1995 ከማዕረጓ ዝቅ መደረጓ። ጽናቷን እኔም አከብራለሁ። ነገር ግን ልጄ፣ መከራውን እንደ ትምህርት አትውሰጂው። የማይደግፍሽ ቦታ ላይ መቆየት በራሱ ሳይንስ አያሠራም፤ እሷን ያቆማት ጥያቄዋና ከጎኗ የነበረው ዋይስማን ነው።

ጥያቄ የሚገኝባቸውን ሌሎች በሮች በአጭሩ ላሳይሽ። በ2011 ማይሎዲስፕላስቲክ ሲንድሮም በተባለው የደም በሽታ ሕሙማን ላይ ኤስኤፍ3ቢ1 የተባለ ጂን ተለውጦ ተገኘ፤ ይህ ጂን የስፕላይሲንጉ መሣሪያ አንዱ ክፍል ነው። አንድ የተለወጠ ክፍል ስንት መልእክቶችን እንደሚያዛባ፣ ከእነሱ ውስጥ በሽታውን የሚያመጣው የትኛው እንደሆነ ዛሬም ይጠናል። ሴል አርኤንኤው ላይ የሚያኖራቸው ትንንሽ ኬሚካዊ ምልክቶችም አሉ፤ ምልክቱን የሚጽፈውን ሜትል-3 የተባለ ኢንዛይም የሚያግድ ንጥረ ነገር በአይጥ ላይ የሉኬሚያን ዕድገት እንደሚገታ በ2021 ከካምብሪጅ የወጣ ጥናት አሳይቷል። በ2023 ደግሞ ኒውዮርክ በሚገኘው የሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ ካንሰር ማዕከል የቆሽት ካንሰር ዕጢያቸው በቀዶ ሕክምና ለወጣላቸው 16 ሕሙማን ለእያንዳንዳቸው በራሳቸው ዕጢ ልክ የተሠራ የመልእክተኛ አርኤንኤ (ኤምአርኤንኤ) ክትባት መሰጠቱ ተዘግቧል፤ ከ16ቱ በ8ቱ ላይ የመከላከያ ሴሎቻቸው ምላሽ ሰጡ። ቆሽት ካንሰር ምን ያህል ጨካኝ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ ይደነግጣል። ያም ሆኖ 16 ሰው 16 ሰው ነው፤ ቁጥሩን ሳትረሺ ተስፋ አድርጊ።

አሁን ወደ ራስሽ። በሞቲቬሽን ሌተርሽ ረቂቅ መጀመሪያ ላይ አክስትሽ በጡት ካንሰር እንዳረፈች ጽፈሻል። እኔም አውቃት ነበር፤ ነፍሷን ይማር። ያ ሐዘን እውነተኛ ምክንያት ነው፤ አትሰርዢው። ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ይብቃው። መራጮቹ እንዲህ ያለውን ሐዘን በየደብዳቤው ያነባሉ፤ የሚለይሽ ሐዘንሽ ወደ ምን ጥያቄ እንደመራሽ ነው። እስቲ አብረን እንሞክረው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችና ጀርመን ሃሌ ከተማ የሚገኘው የማርቲን ሉተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጡት ካንሰር ላይ ለዓመታት አብረው ሠርተዋል። በ2014 ያሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያውያን ሴቶችን ዕጢ መርምሮ ከሦስቱ ሁለት እጅ ገደማው የኢስትሮጅን ተቀባይ እንዳለው አገኘ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከምዕራብ አፍሪካና ከጥቁር አሜሪካውያን በተገኘው መረጃ ምክንያት የአፍሪካ ሴቶች ዕጢ በአብዛኛው ተቀባይ የሌለው ነው የሚል ግምት ነበር፤ ተቀባይ ለሌለው ዕጢ ደግሞ እንደ ታሞክሲፈን ያለው ርካሽ እንክብል አይሠራም። የእኛዎቹ ሴቶች አብዛኞቹ ከእንክብሉ ሊጠቀሙ እንደሚችሉ የታወቀው አንድ ሰው ግምቱን ሳይቀበል ስለጠየቀ ነው።

ከዚህ ቀጥለሽ አስቢ። ተቀባይ ካላቸው ሴቶች ውስጥ በሽታው የሚመለስባቸውና የማይመለስባቸው በምን ይለያያሉ? ይህን በአርኤንኤ ለማንበብ ናሙና ያስፈልጋል። አርኤንኤ ደግሞ በቀላሉ የሚፈርስ ነው፤ አፍራሽ ኢንዛይሞቹ በእጃችን ቆዳ ላይ እንኳ አሉ፤ ትኩስ ናሙና ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ ካልተቀመጠ ይጠፋል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። በየሆስፒታላችን የፓቶሎጂ ክፍል መደርደሪያ ላይ ግን በፎርማሊን የተጠበቁ፣ በፓራፊን የታሸጉ የዕጢ ናሙናዎች ያለ ፍሪጅ ተቀምጠዋል። በእነሱ ውስጥ ረጅሙ መልእክተኛ አርኤንኤ ተቆራርጧል። ማይክሮ አርኤንኤ ግን ከመጀመሪያውም 22 ፊደል ገደማ ስለሆነ ከዚያ ውስጥ በተሻለ ሁኔታ ይተርፋል። እንግዲህ ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር መደርደሪያ ላይ ካሉት ናሙናዎች ማይክሮ አርኤንኤ አንብቦ በሽታው የሚመለስባቸውን ሴቶች አስቀድሞ መለየት ይቻላል ወይ? ይህ ጥያቄ ነው። ፍጹም ላይሆን ይችላል፤ ጠያቂዎችሽ ያፍረጠርጡታል፤ የናሙናው ዕድሜስ፣ የሕሙማኑ ክትትል መዝገብስ፣ የሥነ ምግባር ፈቃዱስ ይሉሻል። እንዲህ እያሉ ሲሟገቱሽ ከጎናቸው ባልደረባ ሆነሽ ተቀመጥሽ ማለት ነው። ጥያቄው የእኔ ነውና እንዳለ እንዳትወስጂው፤ የራስሽን እንዲህ አድርገሽ ሥሪ።

አገርሽን በጥያቄሽ ውስጥ ማስገባት ግዴታ የለብሽም፤ የትሉ ታሪክ የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ያም ሆኖ ልብ በይ፤ ዓለም የሚጠቀምባቸው ትልልቅ የዘረመል መዛግብት በአብዛኛው ከአውሮፓውያን ዘር የተሰበሰቡ ናቸው። አንድ ሺህ ጂኖም የተባለው ዝነኛ ፕሮጀክት ከናይጄሪያ፣ ከኬንያ፣ ከጋምቢያና ከሴራሊዮን ናሙና ሲወስድ ከኢትዮጵያ አንድም ሕዝብ አላካተተም። እኛ ካልጠየቅን የሚጠይቅልን የለም።

ጥያቄ ከያዝሽ በኋላ የምትመርጪው ሰው ነው። የዩኒቨርሲቲው ስም ለቅሶ ቤትና ሠርግ ቤት ለሚጠይቁ ዘመዶች ጥሩ ነው፤ አንቺ ግን አራትና አምስት ዓመት የምትኖሪው ከአንድ አድቫይዘርና ከጥቂት የላቦራቶሪ ጓደኞች ጋር ነው። ቃለ መጠይቅ ሲያደርጉሽ አንቺም ጠይቂ፤ እንደ ድፍረት አይቆጠርም፣ እንዲያውም ይጠበቃል። ካንቺ በፊት የነበሩ ተማሪዎች በስንት ዓመት ጨረሱ? ሳይጨርሱ የወጡ አሉ ወይ? አሁን የት ናቸው? አድቫይዘሩ ተማሪውን በየስንት ጊዜው ያገኘዋል? ውጤት ሳይመጣ ዓመት ቢያልፍ ምን ይደረጋል? ከዚያ ደግሞ አድቫይዘሩ በሌለበት ተማሪዎቹን ለብቻቸው አነጋግሪ፤ ከሚናገሩት ይልቅ የሚያመነቱበትን አድምጪ። ያልተሳካ ሙከራ በሳምንታዊ ስብሰባ ላይ ያለ ፍርሃት የሚቀርብበት ላቦራቶሪ ካገኘሽ ስሙ ባይታወቅም ግቢበት። ተማሪ ውጤት ሲጠፋ የሚሸማቀቅበት ቤት ውስጥ ሐሰት ይወለዳል፤ በካንሰር ምርምር ሐሰት ደግሞ ሕመምተኛው ጋ ነው የሚደርሰው።

ለአድቫይዘር የምትጽፊው ኢሜይል አጭር ይሁን። «እጅግ የተከበሩ» የሚል ረጅም መግቢያና የሰርተፊኬት ዝርዝር አያስፈልግም። ካሳተሙት አንድ ጽሑፍ ጠቅሰሽ፣ ከእሱ የተነሣብሽን አንድ ጥያቄ ጽፈሽ፣ ቦታ እንዳለ ጠይቂ። አንዱን ደብዳቤ ስሙን ብቻ እየቀየርሽ ለአርባ ሰው አትላኪ፤ ያውቁታል።

የገንዘቡን ነገር ሳላነሣ አላልፍም፤ በእኛ ዘንድ ማንሣት ስለሚታፈር ብዙ ልጅ ተጎድቶበታል። በአሜሪካ የባዮሎጂ ዶክትሬት በአብዛኛው አምስትና ስድስት ዓመት ይወስዳል፤ ትምህርቱ ይከፈልልሻል፣ የኑሮ አበልም ይሰጥሻል፤ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ መግባት ይቻላል። በመጀመሪያው ዓመት በተለያዩ ላቦራቶሪዎች እየተዘዋወርሽ ሠርተሽ ከዚያ ትመርጫለሽ፤ ሰውን አይቶ ለመምረጥ ከዚህ የተሻለ ሥርዓት አላየሁም። በአህጉራዊ አውሮፓ ማስተርስ ይጠይቃሉ፤ ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃል። በኔዘርላንድስ የዶክትሬት ተማሪ ደመወዝተኛ ሠራተኛ ነው። በጀርመንም ውል ይሰጣል፣ ግን በባዮሎጂ ብዙ ጊዜ የሙሉ ደመወዙ 65 በመቶ ነው፤ ሥራው ግን የሙሉ ሰው ነው፤ ይህን አውቀሽ ፈርሚ። በእንግሊዝ የውጭ ተማሪ ክፍያ ከአገሬው ስለሚበልጥ ስኮላርሺፑ ልዩነቱን ይሸፍን እንደሆነ በጽሑፍ አረጋግጪ። የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ የዶክትሬት መረቦች ለማንኛውም ዜጋ ክፍት ናቸው፤ የሚጠይቁት ከቅጥሩ በፊት በነበሩት 36 ወራት ውስጥ በዚያው አገር ከ12 ወር በላይ አለመኖርን ነው። አገር ቤት ላለሽው ለአንቺ ይህ ደንብ ይጠቅምሻል። እስራኤል ላሉት የወገኖቻችን ልጆች ደግሞ ሬሖቮት ያለው የዋይዝማን ኢንስቲትዩት በአርኤንኤ ጠንካራ ነው፤ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም። አሜሪካ ያሉት ያጎትሽ ልጆች ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ስላላቸው ለአንቺ የተዘጉ የመንግሥት የምርምር ድጎማዎች ለእነሱ ክፍት ናቸው፤ ንገሪያቸው።

ገንዘብ ከፍለሽ ቦታ የሚያገኝልሽ ደላላ የለም። የዶክትሬት ቦታ አስገኛለሁ ብሎ የሚያስከፍል ሰው ቢመጣ በሩን ዝጊበት። ለማመልከቻ ክፍያ ዶላር ካጣሽ ለዩኒቨርሲቲው ጽፈሽ ክፍያው እንዲነሣልሽ ለምኚ፤ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። የወጪ መጋራት ዕዳሽን ሳትጨርሺ ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ማግኘት እንደሚያስቸግር ታውቂያለሽ፤ የአሜሪካኖቹ ማመልከቻ በአብዛኛው ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ስለሚዘጋ ይህን ጉዳይ ከመስከረም በፊት ጨርሺ።

እስከዚያው እጅሽን አታሳርፊ። ዘርፉ ግማሹ ፒፔት፣ ግማሹ ኮምፒውተር ሆኗል። አር የተባለውን የስታቲስቲክስ ቋንቋ አሁኑኑ ልመጂ። የካንሰር ጂኖም አትላስ ከ11,000 በላይ ሕሙማንን በ33 የካንሰር ዓይነቶች መርምሮ የአርኤንኤ መረጃውን በነጻ ለዓለም አኑሯል። የተሰናዳው ሠንጠረዥ ተራ ላፕቶፕ ላይ ይከፈታል፤ ኔትወርክ ሌሊት ሲሻል አውርጂው። የጡት ካንሰሩን ክፍል ከፍተሽ አንድ ማይክሮ አርኤንኤ ተከታተዪ፤ የምታገኚው ነገር ቀድሞ የታወቀ ቢሆንም ግድ የለም። ራስሽ ያየሽውን ሥዕል ይዘሽ ቃለ መጠይቅ ስትገቢ ንግግርሽ ይለወጣል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላል ያገሬ ሰው፤ ለዶክትሬት ከዚህ የተሻለ ምክር አላውቅም።

ለወላጆችሽም አስቀድመሽ ንገሪ። የዶክትሬት አበል ኪራይና ምግብ ይሸፍናል፤ ቤት አያሠራም፣ ታናናሾችሽንም በየወሩ አያስተምርም። ውጭ ሄደች ሲባል ከሁሉም ወገን ይጠበቅብሻል፤ እምቢ ማለት ያማል፣ ሁሉንም እሺ ማለት ደግሞ ሌሊት ሌላ ሥራ እያሠራ ትምህርቱን ያበላሻል። ምን ያህል መላክ እንደምትችዪ ከመሄድሽ በፊት ከእናትሽ ጋር ተነጋገሪ። እሷ ትረዳሻለች፤ ካስፈለገ እኔም አብሬ አስረዳለሁ።

የጠየቅሽኝ ማስታወቂያ ጥሩ ነው፤ ቡድኑም የታወቀ ነው። ብቻውን ግን አትያዢው፤ ሌሎችም ፈልጊ። ከሁሉ በፊት ደግሞ አንድ ገጽ ጻፊ፤ ምን ማወቅ እንደምትፈልጊ፣ ለምን እስካሁን እንዳልታወቀ፣ በምን መንገድ እንደምትሞክሪው። በአማርኛም ቢሆን ጻፊው። በዚህ ወር ላኪልኝ፤ አንብቤ የመሰለኝን ሁሉ ሳልደብቅ እነግርሻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ለየትኞቹ ላቦራቶሪዎች እንደምትጽፊ አብረን እንመርጣለን።